እንጀራ ያልደረሰበት ሰርግ

ባለፈው ሳምንት ምግብ ቤቴ የምትሠራውን ልጅ ለማንኛውም ትንሽ ጤፍ አቡኪ ስላት፣ "እትዬ ደግሞ፣ የእንጀራው አውሮፕላን መቼ ቀርቶ ያውቃል? ማፊ ሙሽኪላ" አለችኝ። በጁባ ዐረብኛ ችግር የለም ማለቷ ነው። ጁባ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ቃል ሰምቼ ያልተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መዘናጋትን ሰው ከስንፍና ጋር ያምታታዋል። ሰነፍ እኮ ሥራ እንዳለበት ያውቃል፤ የተዘናጋ ሰው ግን በእሱ ቤት ሥራው አልቆለታል። አጎቴ ጋሼ ተፈራ ሰነፍ አልነበሩም። ጀበል ገበያ አጠገብ የከፈቱት ምግብ ቤት ለሰፈሩ ብቸኛው የሐበሻ ቤት ስለነበር ስሙ ገንኖ ነበር። እኔም በሃያ ዓመቴ መጥቼ ወጥ ቤቱን ያዝኩላቸው። እንጀራው በየቀኑ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ካርቶኑ ሲከፈት ገና ለስላሳ ነው።

አንድ ክረምት ላይ ፊት ለፊታችን ሌላ የሐበሻ ቤት ተከፈተ፤ ደንበኞቻችንም አንድ ሁለት እያሉ መሻገር ጀመሩ። እግዜር ሲያግዘን ንያኩሮን ሰፈር ለሚደረግ ሰርግ ምግቡን እንድናቀርብ ተጠየቅን። የጁባ ሐበሻ ሁሉ ስለሚገኝ፣ ስማችን የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚያ እንደሆነ ገብቶኛል።

"ጋሼ፣ ዝናቡ በርትቷል። ከአሁኑ እዚህ እናቡካ" አልኳቸው።

"አንቺ ስትፈሪ ነው የምትኖሪው።"

"እንጀራው ቢቀርስ?"

"ቢቀርስ፣ ሰው ከእኛ ወዲያ የት ይሄዳል?"

በማግስቱም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ታከተኝና አፌን ዘጋሁ።

የሰርጉ ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። አውሮፕላኑ ማረፍ አቅቶት ተመለሰ። ጓዳችን ሙሉ ጤፍ ነበረ፤ ሊጥ ግን እስኪቦካ ቀናት ይፈልጋል፣ ሰርገኛ አይጠብቅም። እዚሁ ከሚጋግሩት ከፊት ለፊት ቤት እንጀራ እንለምን ብላቸው ጋሼ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ያን የመሰለ ዶሮ ወጥ በሩዝና በዳቦ አቀረብነው። የሙሽራዋ እናት ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ምን አደረግናችሁ?" ሲሉኝ በንዴት አለቀስኩ። የጋሼ ጠብ ግን ከዝናቡ ጋር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ደንበኛው ሁሉ ተሻገረ። እኔም ተሻግሬ እዚያው ተቀጠርኩ። ዕቃዬን ይዤ ስወጣ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው፣ "አንቺም?" አሉኝ። ሰው የት ይሄዳል ሲሉ ለካ እኔን ከሰው አልቆጠሩኝም።

ቤቱን ዘግተው ወደ አገር ከገቡ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ንዴቴ ግን ዛሬም አልበረደልኝም። አሁን በራሴ ቤት ሠራተኛ ሲከራከረኝ እቆጣለሁ። የሚያስፈራኝ ግን ነግሮኝ ነግሮኝ ዝም ያለው ነው።