ያረምኩት የልብ ምት

የአምስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ሲያንቀላፋ ያገኘሁት ልጅ ላይ ጠመኔ የምወረውር፣ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ። ከፈተና በቀር የምፈራው ነገር አልነበረኝም። ያን ክረምት የፈራሁትን ፍርሃት ግን ለጠላቴም አልመኝ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ አስተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተን በየክረምቱ ለዲግሪ እንማራለን። ለእኔ ሦስተኛ ክረምቴ ነበር። የሰው አካል አሠራር የሚባለውን፣ አጥንቱንም ጡንቻውንም ልቡንም አንድ ላይ የያዘውን ኮርስ አምና ወድቄበታለሁ፤ ዘንድሮ ደግሜ ከወደቅሁ መባረር ነው። የሚያስተምረን ጠዋት እዚያው ግቢ ባለው ሆስፒታል የሚሠራ፣ ከሰዓት እኛ ጋ የሚመጣ ወጣት ሐኪም ነው። ነጥብ ላይ እጁ ስለማይፈታ ዶክተር ዜሮ ብለነዋል። ሰማንያ ሽበታም ሰዎች ግራ እጁ የጠፋበትን የፕላስቲክ አፅም ከብበን እንቆማለን፤ እሱ አንዱን አጥንት በእርሳስ ነካ አድርጎ ስም ሲጠራ፣ እንኳን ተማሪዎቼ አላዩኝ እያልኩ እንቀጠቀጣለሁ።

አንድ ቀን የቤት ሥራ ሰጠን። ከቤተሰባችን አንድ ጤነኛ ሰው መርጠን፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት የልብ ምቱን እየቆጠርን መመዝገብ ነው፤ ከመቶው ሠላሳውን ይይዛል። ያረፈ ልብ እኩል ነው የሚመታው፣ ካልተስተካከለላችሁ የተሳሳተው ጣታችሁ ነው አለን። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደብተር እንደማይቀበል፣ የፈጠራ ቁጥር ያገኘበትን ደግሞ ዜሮ እንደሚሰጥ አስጠነቀቀን።

ክረምቱን የማርፈው ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው፤ አባትና እናታችን ሲሞቱ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል ሱቁ ነው። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ዱካው ላይ ተቀምጦ እጁን ይዘረጋልኛል። እኔ ስንቱን ስለካ ኖሬ ዛሬ ተራዬ ደረሰ እያለ ይቀልዳል።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጣቴን አንጓው ላይ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ አንዱን ይዘላል፤ ወዲያው ሁለቱን አዋክቦ ያመጣቸዋል። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሌላ ቁጥር። ሦስተኛም ሌላ። ጣቴን ረገምኩና ሰባ አራት ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም ያው ነው፤ ሰባ ሁለት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ጋሼ ቁጥሩ አኮራው። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሁሉ፣ እህቴ የጎረምሳ ልብ ነው ያለህ ብላኛለች እያለ ያወራል። እኔ እንዲያ አላልኩም።

በስምንተኛው ቀን የተማርነው ስለ ልብ ምት መዛባት ነበር። ዶክተር ዜሮ የታመመ ልብ በድምፅ ማጉያ አሰማን። ይመታል፣ ይዘላል፣ ሁለቱን አዋክቦ ያመጣል። ክው አልኩ። እንዲህ ያለ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነስቶ አንጎል ከገባ ሰውየውን ግማሽ አካሉ በቆመበት ይከዳዋል አለ። ሰው ሁሉ ይጽፋል፤ እኔ ደብተሬን ገልጬ ሰባ አራት ያልኩትን አየሁ።

ያን ቀን ሮጬ ወንድሜን ሆስፒታል መውሰድ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ደብተሩ ላይ የስምንት ቀን ውሸት በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ደግሞ ራሱ ዶክተር ዜሮ ነው። አራት ቀን ብቻ፣ ደብተሩን ላስረክብና እወስደዋለሁ አልኩ። ያሳደገኝን ሰው በሠላሳ ነጥብ ለወጥኩት፤ ሌላ ስም የለውም።

በእነዚያ ቀናት ከጀርባ ክፍል መጽሐፍ ገልጬ የማዳምጠው የስፌት መኪናውን ነበር። መኪናው ሲሠራ እተነፍሳለሁ፤ ጸጥ ሲል ትንፋሼ ቀጥ ይላል። ክር ሊቀይር ይሆናል፣ ደንበኛ መጥቶ ይሆናል እላለሁ፤ ግን ተነስቼ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። አንዴ መቀሱ ወድቆ ሲንኳኳ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ በባዶ እግሬ ፊቱ ቆሜአለሁ። ምነው ሌባ ገባ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከለካሁት በኋላ ሲነሳ ዞረበትና ጠረጴዛውን ያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሚስቱ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ብላ ሙጭጭ አለችበት። እሱ ደብተሬን ወሰደ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበላት።

«እህቴ በየቀኑ እየለካችኝ ሐኪም ቤት ምን ያደርግልኛል?» አላት።

ሚስቱ ወደ እኔ ዞራ፣ በናትሽ አንቺ ንገሪው ብላ ለመነችኝ። ስለካ ተሳስቻለሁ ጋሼ፣ ተነስ እንሂድ አልኩት። ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት።

እንደፈራሁት ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ዶክተር ዜሮ ነበር። የልብ መመርመሪያው ያወጣውን ወረቀት እያየ መቼ እንደጀመረው ጠየቀው። ጋሼ ወደ እኔ አየት አደረገና፣ ዛሬ ጠዋት አለ። መለካት አትችልም እንዳልባል ብሎ ነው፤ አንጀቴን በላው። ሐኪሙ ፊቱ ፈታ አለ። ዛሬ ከሆነማ በኤሌክትሪክ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን፣ ከሁለት ቀን ያለፈው ቢሆን ግን ኤሌክትሪኩ የረጋውን ደም ወደ አንጎል ሊሰደው ይችል ነበር አለና ነርሷን ማሽኑን እንድታመጣ አዘዛት። የማሽኑ ጎማ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁት።

«አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል» አልኩ።

ላስረክብ የያዝኩትን ደብተር ሰጠሁት። ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ መሆናቸውን፣ ልቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲዘል እንደነበር ነገርኩት። ሐኪሙ ማሽኑን አስመለሰ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አዞ፣ ልቡን የምናስተካክለው ከሳምንታት በኋላ ነው አለ። ደብተሩን ሳይገልጠው ኪሱ ከተተው። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። መባረሬን ያን ጊዜ አወቅሁት፤ አላስለቀሰኝም።

ብቻችንን ቀረን። ጋሼ መሳሳት ያለ ነው፣ አይዞሽ አለኝ። ከዚያ መታመሙን መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። በስምንተኛው ቀን አልኩት። ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት።

«በየጠዋቱ እጄን እየያዝሽ?» አለኝ።

አዎ አልኩት።