ቡራዩ ካባ ላይ አቅም ያጣችው ማሽን

በንጉሡ ዘመን፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ቡራዩ አንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ካባው ያለው አንድ ኤክስካቫተር ብቻ ነው። የሚነዱት ሸምገል ያሉ የሱሉልታ ሰው ነበሩ፤ እኔ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ፣ ያቺን ቃል ለመስማት ብቻ የማውቀውን ነገር እንኳ እጠይቃቸው ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ ማሽኗ አቅም እያጣች መጣች። ጠዋት ደህና ትሠራለች። አራት ሰዓት ገደማ ዘይቱ ሲሞቅ ግን ክንዷ ድንጋዩን እንደያዘ አየር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዘይቱን አየሁ፣ ሙሉ ነው። ማጣሪያው ንጹሕ ነው። የሚያፈስ ቦታም የለም። የግፊት መለኪያ ብገጥምላት መርፌው ከሚገባው ግማሽ እንኳ አልደርስ አለ።

«ፓምፑ ተበልቷል» አልኩ።

ኦቦ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ይቺ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የምትመልሰው ቧንቧ እጅ አታስነካም። ድሮ እንዲህ አትግልም ነበር። ዘይቱ ሥራውን ሳይሠራ በዚያ እየሸሸ እንዳይሆን» አሉኝ።

«እርስዎ መንዳቱን ይወቁ፤ መጠገኑን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

የካባው ኃላፊ አዲስ ፓምፕ ከውጭ እስኪመጣ ሥራው እንዲቆም አዘዘ፤ ኦቦም በማግስቱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አገራቸው ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ለማዘዣው ልኩን ልወስድ ፓምፑን ፈታሁት። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል፤ አንድ ጭረት የለበትም። መፍቻውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ግፊት ሲበዛ ዘይቱን የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ የከፈትኩት። የጥፍር ቁራጭ የምታህል የጎማ ስባሪ መቀመጫው ላይ ተሰንቅራ፣ ቫልቩ እንዳይዘጋ ይዛዋለች። ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍራም ሳለ በዚያች ክፍተት እምብዛም አያልፍም፤ ሲሞቅና ሲቀጥን ግን ወደ ቧንቧዋ ይንቆረቆራል። ስባሪዋን አወጣሁ፣ ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ። ማሽኗ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስታነሳ ዋለች።

እሑድ ሱሉልታ ሄድኩ። ድርቆሽ ሲያጭዱ አገኘኋቸው።

«ፓምፑ አልነበረም» አልኩ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ። «እርስዎ ያሉት ነው።»

«አነሳች?»

«አነሳች።»

ማጭዳቸውን ጥለው ከልባቸው ሳቁ። ስለዚያ ቀን አነጋገሬ ይቅርታ ጠይቄ፣ «ይመለሱ፤ ቦታዎ አለ» ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ወንድማቸው አልጋ መያዙን፣ መሬቱን የሚያርስ ሌላ ሰው አለመኖሩን ነገሩኝ። «ማሽኗ ሌላ ሰው ታገኛለች» አሉ። ወተት አጠጥተውኝ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ።

በቅርቡ ተመልሼ እመጣለሁ ብያቸው ነበር። ብዙም ሳልቆይ ሥራዬ ወደ ሰበታ ተዛወረ፤ አገባሁ፣ ልጆች መጡ፣ ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበ። በሄድኩ ጊዜ ቀብራቸው ካለፈ ሁለት ክረምት ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ጎበዝ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። ነገር ግን የከበደኝ ብልሽት ሲገጥመኝ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንገቴን አዙሬ የምፈልገው እሳቸውን ነው።