ጳጉሜን ስድስት

ልጄ ያረፈው ጳጉሜን ስድስት ቀን ጠዋት ነው። ወባ ነበር፤ ወባ ለሸዋ ሮቢት እንግዳ አይደለም። አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ማንም ያላጠፋው ኮምፒውተሩ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ጽሑፉን ያወጣው የቀን መቁጠሪያ የልጄ የራሱ ሥራ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር የሠራው፣ ማንም በነፃ የሚወስደውና ውስጡን ከፍቶ የሚያርመው ፕሮግራም ነው። ያለ ደመወዝ ለማታውቀው ሰው ምን ያደክምሃል ስለው፣ ይኼ ደቦ ነው፣ ማሽላ የሚያጭድልህ ጎረቤት ደመወዝ ይጠይቅሃል ወይ ይለኝ ነበር።

ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ማን ያጣዋል? እሱ ግን ጊዜው ሲደርስ አስገባታለሁ ብሎ አቆይቷት ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከጳጉሜን አምስት ወደ መስከረም አንድ ይዘላል። ልጄ የሞተባት ቀን በልጄ ሥራ ውስጥ የለችም።

ለቅሶ ሊደርሰን የመጣ አንድ የካራቆሬ እህል ነጋዴ፣ አላህ ያጽናዎት ጋሼ ካለኝ በኋላ እያፈረ ነገረኝ። ለመስከረም አንድ የቀጠረውን መኪና መቁጠሪያውን አምኖ በዋዜማው ልኮታል።

እንዲታረም አብረውት ለሠሩት ሰዎች እጽፋለሁ ስል ባለቤቴ ተቆጣች።

«ተው፣ እጁ የነካውን አትንካ። ያቺ ቀን ባትኖር አንተን ምን ይጎዳሃል?»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም እመኘው ነበር። ብቻዬን ስሆን መቁጠሪያውን ወደ ኋላ መልሼ አያለሁ። አምስት፣ ከዚያ አንድ። በመካከላቸው ማንም አልሞተም።

ነገር ግን በደቦ ማሳ አረም አይቶ የሚያልፍ ሰው ጠላውን ፈልጎ የመጣ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት ይህን እየነገርኩ ነው፤ ለራሴ ሲሆን ልለውጠው አልቻልኩም።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ኮድ እንደማላውቅ ለቤቱ ባለቤት ነገርኩት። ራዲዮ መጠገን እንኳ ፈታትቼ አይቼ ነው የተማርኩት። እሱ ግን፣ ኮድ የሚያውቁ ሞልተዋል፣ እርስዎ ያዩትንና ማየት የነበረብዎትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉ፣ ያም ሥራ ነው አለኝ። ጻፍኩ። ከሥራው በጎ ፈቃደኞች አንዱ ጥያቄ ላከልኝ፤ በዚያ ዓመት ስድስተኛዋ ቀን መኖሯን በምን ያውቃሉ?

«ልጄን የቀበርኩባት ቀን ናት» ብዬ መለስኩ።

ሰውዬው ፕሮግራሙን አርሞ ላከውና እንድሞክረው ለመነኝ። ከፍቼ ወደ ኋላ መለስኩት። ቀኗ ቦታዋ ላይ ነበረች። ባለቤቴ ያን ሰሞን አላነጋገረችኝም፤ ወደ ልጃችን ክፍልም ዝር አላለችም።

አራት ዓመት ሞልቶ ጳጉሜን ስድስት ስትመጣ፣ በልጃችን ክፍል ያለው ኮምፒውተር ቀኗን ብቻ አሳይቶ ዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት ሰላምታው ወጣ። ያረመው ሰው ልጄ ከጻፈው ሰላምታ አንድ ፊደል አልነካም። ባለቤቴ በክፍሉ በር ላይ ቆማ ቆየች፤ ከዚያ ገብታ አነበበችው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችው።