አንድ ስልክ፣ አንድ ገበሬ

ቀይ ጽሑፍ ያንገሸግሸኛል። ደብረ ማርቆስ ባለው ቢሯችን የገበሬዎች ስም የተመዘገበበትን ዳታቤዝ ወደ አዲሱ ስሪት ባሳደግንበት ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እስከ ትናንት ያለ ምንም ችግር ዝርዝር ያወጣልን የነበረ ትእዛዝ ሁሉ ዛሬ ስህተት ነው እየተባለ በቀይ ይመለስብኛል። አንዱን የጥቅስ ምልክት ሳስተካክል ሌላ ቦታ ቅንፍ ይጎድላል። ወሩ ግንቦት ነበር። ገበሬው ማዳበሪያ ይጠብቃል፤ የእኛ ሥራ ደግሞ ማን እንደሚወስድ ስም ዝርዝሩን አትሞ ወደየቀበሌው መላክ ነው።

ሌላውን እንደምንም አስተካክዬ አንድ መስመር ብቻ እምቢ አለኝ። ከዓመታት በፊት ራሴ የጻፍኩት ማጣሪያ ነው። ያኔ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው በዝቶ ስለነበር፣ በአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ስም ብቻ እንዲወጣ አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ እኔም ተኮፈስኩ። አዲሱ ዳታቤዝ ግን በአንድ ስልክ ሥር ብዙ ሰው ካለ የትኛውን ላውጣ ብሎ ይጠይቀኛል። አሮጌው ጠይቆኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ከላይ ያገኘውን አንዱን ያወጣና ሌላውን ዝም ብሎ ይጥል ነበር።

«እንደ ድሮው አድርገውና ይሂድ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ይቻላል። አንድ ቅንብር ብታጠፋበት አዲሱም እንደ አሮጌው አፉን ይዘጋል። እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የሚጥለው ማንን እንደሆነ ለማየት ማጣሪያውን አንስቼ ሞከርኩት።

ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቁጥር ሥር ስክሪን ሙሉ ሰው ተደረደረ። የማን ስልክ ነው ብዬ ደወልኩ፤ ያነሱት ቄስ ናቸው። ስልክ የሌላቸው የንስሐ ልጆቻቸው ሁሉ ሲመዘገቡ የሰጡት የእሳቸውን ቁጥር ነው። መልእክት ሲመጣ እሳቸው ከቅዳሴ በኋላ ይነግሯቸዋል። በአገሩ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ያደግሁት እዚሁ አካባቢ፣ ሉማሜ ነው።

ከስሞቹ አንዱን አወቅሁት። ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው። ሦስት ግንቦት በተከታታይ እኔ ዘንድ መጥተው የምዝገባ ወረቀታቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳይተውኛል። እኔም በየጊዜው «እናቴ፣ ስምዎ የለም፤ ቀበሌ ሄደው ይጠይቁ» ብዬ መልሻቸዋለሁ። ባለፈው ዓመትማ ሰልፉ ስለረዘመብኝ ጮኼባቸዋለሁ። ያለ ማዳበሪያ ማረሱ አልሆን ሲላቸው መሬቱን ለእኩል ሰጡና የምርታቸውን ግማሽ ለሌላ ሰው ሲያስረክቡ ከረሙ። ይህን የነገሩኝ ቄሱ ናቸው። ራሴን ተጸየፍኩት።

ማጣሪያውን በሙሉ ስምና በመሬት ደብተር ቁጥር እንዲለይ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ሻይ ጠጥቶ የመመለስ ያህል ጊዜ ነው የፈጀብኝ። ከሁሉም ያስጠላኝ ይሄ ነው። ያን ያህል ዓመት ሰው ሲጉላላ የኖረው ለዚህች ነበር።

የእኚያ እናት ስም ወጣ። መልሼ ስደውል ቄሱ አስጠርተው ስልኩን ሰጧቸው።

«እናቴ፣ ዘንድሮ ስምዎ ወጥቷል» አልኳቸው።

«በእኔ ቦታ ማን ቀረ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ማንም አልቀረም። ሁላችሁም ወጥታችኋል።»

«ሁላችንም?» አሉ። «ለካ ይቻል ኖሯል።»