አይጥ በገባባት መኪና ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ዓርብ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከሰበታ ተነሣሁ። የምሄደው ሱሉልታ፣ ጽጌ ዘንድ ነው። እናት አባቴ ያሉት ደብረ ታቦር ስለሆነ በዚህ በኩል እህቴ የምላት ጽጌን ብቻ ነው። የወለደቻት ልጅ ቅዳሜ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ክርስትና እናቷም እኔ ነኝ። እናትና ልጅን በመኪናዬ ቤተ ክርስቲያን አደርሳለሁ ብዬ ቃል የገባሁት ጽጌ ገና እርጉዝ ሳለች ነበር። ያን ጊዜ መኪናዬ ውስጥ አይጥ አልነበረም።

አሁን አለ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጦስ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ፣ ጥራት የምቆጣጠርበት ፋብሪካም ሁለት ሳምንት በሩን ዘጋ። ቪትዟ መኪናዬ ግቢ ውስጥ፣ ከአከራዬ ከኦቦ ደሜ የጭድ ክምር አጠገብ ቆማ ሰነበተች። ሥራ ሲጀመር ሞተር አስነሥቼ የመኪናዋን ንፋስ ማራገቢያ ብከፍት ፀጉር፣ ገለባና የአይጥ ኩስ ጉልበቴ ላይ ተዘረገፈ። ሽታውን ምን ብዬ ልጻፈው!

ያላደረግሁት የለም። ወጥመድ ብዘረጋ አንዱ ተይዞ ሁለት መጡ። ለልብስ የሚደረገውን ናፍታሊን ብበትን፣ የአይጡ ሽታ የሣጥን ልብስ የለበሰ ይመስል ብሶበት መጣ። ጸበልም ረጨሁ። በመጨረሻ ኦቦ ደሜን፣ «የአንቱ ጭድ ነው ይኼን ያመጣብኝ» ብዬ ተቆጣኋቸው።

«ጭዱ አንቺ ሳትመጪ ነበረ፤ አይጡ ግን አንቺን ተከትሎ መጣ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ለማንኛውም ድመቷን መኪናው ውስጥ አሳድሪያት።»

አሳደርኋት። እሷም ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታ አድራ፣ የራሷን ሽታ ጨምራልኝ ወረደች።

ለራሴ ቢሆን አፍንጫዬን ይዤ እነዳ ነበር። ግን ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ናት። አቧራ ሲነካት ታስነጥሳለች፤ ካስነጠሰች ደግሞ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሐኪሙ፣ «ከአቧራ ጠብቋት» ብሏል። መንገዱ ባልታመነበት በዚህ ሰሞን ያለ እኔ መኪና የሚያደርሳት የለም፤ የእኔ መኪና ደግሞ ከፊት ለፊቷ የአይጥ ኩስ ይነፋባታል።

ቡራዩ፣ አራት ሰዓት ገደማ

በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርጌ የቀለበት መንገዱን ያዝሁ። ንፋሱን መክፈት ስለማይቻል መስኮቶቹን ከፈትሁ፤ የሲኖትራኩን ጭስ ሁሉ እኔ ጠጣሁት። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ክብ ክብ ጥቁር ምልክት ጥሏል። ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ወደዚያ ሰላም ነው?»

ቡራዩ ላይ ጉተማ የሚባል የመኪና ንፋስና ማቀዝቀዣ የሚሠራ መካኒክ እንዳለ ተነግሮኝ ነበር። ኮፈኑን ከፈተና አሸተተ። ቀና ብሎም አየኝ።

«እህቴ፣ ስንት ተከራይ አለሽ?»

«አትቀልድ ወንድሜ፤ ነገ ሕፃን አሳፍራለሁ። ጸበል እንኳ ረጭቼበታለሁ።»

«ጸበሉ ይርዳሽ። ቀዳዳው ግን ይደፈናል።»

ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ነቀለው። አየር ወደ መኪናው የሚገባው በዚያ በኩል ኖሯል፤ እጄን ጨብጬ ላስገባበት እችላለሁ። ውስጡ በደረቀ ቅጠል ተጠቅጥቋል።

«ይኼ ከየት መጣ?» አለ።

የማለፊያዬ ቅጠል ነው። መንገድ ላይ ወጣቶቹ እንዲያሳልፉን ሁላችንም መጥረጊያው ሥር ቅጠል እንሰካ ነበር። እሱ ደርቆ እየተፈረፈረ ወደ ውስጥ ሲወርድ ከርሞ ለአይጥ ፍራሽ ሆነ።

«ፍራሹን አገኘን፤ ቀለቡስ?» አለና ማጣሪያውን፣ እነሱ ፊልትሮ የሚሉትን፣ ለማውጣት ከተሳፋሪው ፊት ያለውን መሳቢያ ከፈተ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ያፍራል። መሳቢያው በሶፍት በተጠቀለለ ዳቦ ሞልቷል። ሶፍቱ ተቦጫጭቋል፤ ዳቦው ተቦርቡሯል። የማርያም ዝክር፣ የሚካኤል ማኅበር፣ የጎረቤት ሰንበቴ፣ ከየሄድሁበት የተሰጠኝ ጸበል ጻዲቅ ነው። የተባረከ እህል አይጣልም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ለጉተማም ይህንኑ ነገርሁት። ግማሹን እቀምስና ግማሹን፣ «መንገድ የተዘጋ ቀን ይበላል፤ ወይም የተራበ አገኛለሁ» ብዬ አስቀምጣለሁ። ከዚያ እረሳዋለሁ። ማጣሪያው ደግሞ ያለው ከዚያው መሳቢያ ጀርባ ነው።

የጋራዡ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ፣ «ዳቦ ቤት ነው እንዴ?» ሲል ሌላው፣ «የለም፣ ደብር ነው፤ አይጡም ዲያቆን ነው» አለ። ይህን በተናገረበት ቅጽበት የቤቱ ባለቤት አይጧ ከማጣሪያው ውስጥ ዘልላ ጫማው ላይ አረፈች። ጎረምሳው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የሚሳቅበት ተራው የእሱ ሆነ።

ጉተማ ግን አልሳቀም። «አይጣልም ማለትሽ ልክ ነው» አለኝ። «የተባረከ ነገር ግን ይበላል እንጂ ይከማቻል እንዴ?»

ስልኬን አውጥቼ ኦቦ ደሜ ጋ ደወልሁ።

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጭዱ አይደለም። እኔው ነኝ ያበላኋቸው።»

«ትናንት ሙሉ ቀን ጭዱን በቆርቆሮ ሳጥር የዋልሁትስ?» አሉኝ። ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ጉተማ ሥራውን ያውቃል። ኩሱን በደረቁ ላራግፍ ስል እጄን ያዘኝ፤ አቧራው ሳንባ ይገባል አለ። አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በረኪና በውኃ በጥብጦ ረጨበት፤ አቆይቶ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። አዲስ ማጣሪያ አስገባ። በአየር መግቢያው ላይ ጠንካራ የወንፊት ሽቦ ቆርጦ በብሎን አሰረ። «ስፖንጅ ብትደፍኚበት ይበሉታል፤ አየርም አይገባም። ስታቆሚ ደግሞ የንፋሱን ቁልፍ የውስጥ አየር ላይ አድርገሽ አጥፊ፤ በውስጥ ያለችው ክዳን ትዘጋለች።» ለሁሉም ስድስት መቶ ብር አስከፈለኝ። ሰላም የነሳኝ አንድ ቃሉ ነው፦ «ከቱቦው ጥልቀት የቀረ ነገር ካለ ግን ዋስ አልሆንሽም።»

ወደ ሱሉልታ፣ ከሰዓት በኋላ

በአስኮ ተመልሼ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ዳገት ወጣሁ። ብርዱ ጀመረ። ሱሉልታ መግቢያ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ወጣቶች ቆመዋል።

«አካም ጅርቱ?» ብሎ ደኅንነቴን ጠየቀኝ አንዱ።

«ነጋ» አልሁት፣ ሰላም ነው ለማለት፤ ኦሮምኛዬ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቅጠል ይዞ መጣና መጥረጊያው ሥር ሊሰካ እጁን ሲዘረጋ ጮኽሁ፤ «እዚያ አይደለም!»

ሁሉም ዞሩ። የልጁ ፊት ተለወጠ። «ምነው፣ ቅጠላችንን ጠላሽው?»

«ኧረ ልጄ፣ አልጠላሁም! የጎን መስታወቱ ላይ እሰርልኝ። እዚያ አይጥ ይገባበታል።»

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «ሃንቱታ ጄቴ!» አለ፤ «አይጥ» አለችኝ ማለቱ ነው። የሳቁትን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ። «አይጡም በሰላም ይለፍ» ብለው ድንጋዩን ገፉልኝ። እኔ ግን ጽጌ ቤት እስክደርስ መሪው በላቤ ረጥቦ ነበር።

ቅዳሜ፣ ንጋት

ጉሙ ሱሉልታን ውጦታል። ጽጌ ልጇን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። መቶ ሜትር ሳንሄድ መስታወቱ በትንፋሻችን ታፈነ። በነጠላዬ ብጠርገው ወዲያው ይመለሳል። በግራ በኩል ቦይ አለ፤ የት እንደሆነ አይታየኝም። መስኮት ብከፍት ብርዱ ሕፃኗን ይገድላታል። መስታወቱን የሚያጠራው ያ ንፋስ ብቻ ነው፤ ከትናንት ወዲህ ልከፍተው አልደፈርሁም።

«ጽጌ፣ ልክፈተው?»

«ቦይ ከምንገባ ብንሸት ይሻላል» አለችና የልጇን ፊት በጋቢ ሸፈነች።

አማትቤ ቁልፉን ወደ ቁጥር አንድ አዞርሁት። መጀመሪያ የበረኪና ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ምንም። መስታወቱ ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያለ ጠራ፤ ቦዩም ታየኝ። አንዲት ቁራጭ ሶፍት ብቻ በርራ መጥታ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ጨብጬ ኪሴ ከተትኋት። ጽጌ ይህን የምታውቀው ይህን ስታነብ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስለ ልጂቱ ሰይጣንን ካድሁ፤ ጸሎተ ሃይማኖትንም ደገምሁላት። ወለተ ማርያም ተባለች። ውኃው ሲነካት ግቢውን በጩኸት ሞላችው፤ ትንፋሽ እንዳላት ሁላችንም ሰማን።

ወደ ቤት

እናትና ልጅን ቤታቸው መልሼ ዓለም ገና ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ሦስት ሰዓት ቆምን፤ ዝናብም መጣ። ከፊቴ የቆመው ፒክአፕ የአንድ አረጋዊ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ቴምርና ዳቦ ይዘው ለተሰለፈው ሁሉ ያድላሉ። በረሃብ ዓይኔ ጨልሞ ነበር፤ መሳቢያዬ ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ነው። ተቀብዬ ከመኪና ወረድሁና ዝናቡ ላይ ቆሜ እበላ ጀመር።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ገብተሽ ብዪ እንጂ!»

«አባባ፣ መኪናዬ ጾም ላይ ናት።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ፍርፋሪውን በመዳፌ ሰብስቤ እዚያው በላሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰበታ ገባሁ። ጥንቁቅ ነኝ እያልሁ ስኖር፣ ጥንቃቄዬ ራሱ ለአይጥ ድግስ ሲደግስ መክረሙን ለማወቅ ሦስት ከተማ መዞር አስፈለገኝ። እናንተም መኪና ካላችሁ ቅጠሉን መጥረጊያው ሥር አትተዉት፤ መግቢያውን በሽቦ አስደፍኑ፤ የዝክሩንም ዳቦ እዚያው ብሉት፣ ወይም ለሚበላው ስጡት።

ልብሴን ሳልቀይር ጽጌ ደወለች።

«ምነው? ምን ሆነች?»

«ኧረ ምንም» አለች። «ልጅሽ ጡት ጠብታ ተኝታለች። ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላስነጠሰችም።»