መጥረጊያ የያዘ እንግዳ

እትዬ አንሶላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ሆቴል አብረዋቸው የሠሩ ሴቶች ናቸው። አልተሳሳቱም፤ እትዬ የተጨማደደ አንሶላ ካዩ እህል አይወርድላቸውም። ባለ አራት ፎቅ ሆቴል፣ ስልሳ ሁለት ክፍል፣ የሁሉም የጽዳት አለቃ እሳቸው ነበሩ። ወንበር ሥር የወደቀች አንዲት ፀጉር ከበሩ ሆነው ያያሉ። የገዛ መነጽራቸውን ግን ጠዋት ጠዋት ፈልገው አያገኙትም።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ልጃቸው ሐሳብ ይዞ መጣ። መንገደኛው ሁሉ ሆቴል ሰልችቶታል፤ አሁን በስልኩ እየፈለገ የሰው ቤት ነው ለሁለት ለሦስት ቀን የሚከራየው አላቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ግን አንድ ልጅ ሲለምን እናት ምን ትላለች? መኝታ ክፍላቸውን ከነሳሎኑ ለቀው ጓሮ ወዳለችው ክፍል ገቡ። በፊት ለፊቱ በር ላይ በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ተገጠመ። እንግዳው ቁጥሩ በስልክ ይደርሰዋል፣ ራሱ ከፍቶ ይገባል፣ ሲበቃው ዘግቶ ይሄዳል።

«እንኳን ደህና መጡ የሚለውስ ማነው?» አሉ እትዬ።

«ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እማዬ።»

እትዬ በዕድሜያቸው ወረቀት ሻንጣ ሲቀበል አላዩም።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። በሆቴል ሕግ በሩ ላይ «አትረብሹኝ» የሚል ካርድ ካልተንጠለጠለ ክፍሉ ይጸዳል፤ ክርክር የለውም። በዚህ ቤት ደግሞ ካርድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እትዬ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያንኳኳሉ፣ «ጽዳት ነው» ይላሉ፣ ይገባሉ። አንዱን ሙሽራ ከነሙሽሪቱ በድንጋጤ ከአልጋ አስነሱ። ጥናት ልትጽፍ የመጣች አንዲት ልጅ ወለሉ ላይ የዘረጋችውን ወረቀት ሰብስበው፣ ትልቁን ከትልቅ ትንሹን ከትንሽ አድርገው ደረደሩላት። ልጅቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁሉም ቅሬታቸውን ጽፈው ሄዱ።

«ሰው እኮ ቤት የሚከራየው ማንም እንዳይደርስበት ብሎ ነው» አለ ልጃቸው። «አንድ ቀን ከደገምሽው ቁጥሩን እቀይረዋለሁ። ላንቺም አልነግርሽም።»

እትዬ ልጁን ያሳደጉት በዚያ ክፍል ነው። በገዛ መኝታ ቤታቸው ደጃፍ ባዕድ ሆኖ መቅረት ከጡረታው የባሰ ጡረታ መስሎ ታያቸው። «አልደግመውም» ብለው ቃል ገቡ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ቃላቸው የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

የሱቅ ሚዛን እየመረመረ ከከተማ ከተማ የሚዞር አንድ ጎልማሳ ቤቱን ተከራየ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ልብስ እያሰጡ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ሄደ። አልሰለሉም፤ መስኮቱ ነው እዚያ የተገተረው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ቤት ይጠርጋል።

እንግዳ ይጠርጋል! እትዬ ቁጥሩን ነካክተው፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ሳያንኳኩ ገቡ።

«ጌታዬ፣ ይተዉት። ማን አዘዘዎት?»

«ግድግዳው» አለ ሰውዬው፣ ወረቀቱን እያሳየ። እውነትም «መጥረግና የበሉበትን ሰሃን ማጠብ የእርስዎ ፈንታ ነው» ይላል፤ የልጃቸው ጽሑፍ ነው።

«ይስጡኝ።»

«አልሰጥም።»

መጥረጊያውን በሁለት ወገን ይዘው ትንሽ ተፋጠጡ።

«ይስሙኝ» አለ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት ሆቴል ነው ያደርኩት። ሸሚዜን ጥዬ ወጥቼ ስመለስ ታጥፎ አገኘዋለሁ። ከርሞ ጡረታ ልወጣ ነው። ባለቤቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ቤቴን ሆቴል ልታደርገው ከሆነ እዚያው ሆቴልህ ቅር።› እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ይኸው አሁን የሰው ቤት እየተከራየሁ እለማመዳለሁ።»

እትዬ ወለሉን አዩ። ሰውዬው ከበሩ ጀምሮ እየጠረገ ቆሻሻውን በሙሉ አልጋው ሥር ከትቶታል። አንጀታቸውን በላቸው።

«በዚህ አያያዝዎስ እውነትም ባለቤትዎ አያስገቡዎትም» አሉና መጥረጊያውን ለቀቁለት። መልቀቁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ከጥግ ይጀምሩ፤ ወደ በሩ።»

በእንግዳ ክፍል ውስጥ መቀመጥ በሆቴል ክልክል ነበር። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰውዬው ጠረገ፣ ወለወለ፣ የአንሶላውን ጫፍ ሦስት ጊዜ አፍርሶ መልሶ አጠፈ። በአራተኛው ላይ እሳቸው በጣት እያመለከቱ፣ እሱ እያላበው፣ ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ አገኛቸው።

ልጁ እንግዳውን ይቅርታ ጠይቆ እናቱን ይዞ ወጣ። ቁጥሩ ያኔውኑ ተቀየረ። እትዬ አልተከራከሩም። ሳያንኳኩ መግባት ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ ያውቁታል፤ በዚሁ ጥፋት አንዲት ሠራተኛ ራሳቸው አሰናብተዋል። ያን ቀን ግን ያቺ ሠራተኛ ምን እንደተሰማት ገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሚዛን መርማሪው እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ትራስና የትራስ ልብስ ታቅፎ በቤቱ ጎን ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ይኼ አሸነፈኝ። ይምጡና ያሳዩኝ።»

«አልችልም፣ ጌታዬ። ቁጥሩን አላውቀውም።»

«ቁጥር ምን ያደርግልዎታል? በሩን ከፍቼዋለሁ። ለልጅዎም ነግሬዋለሁ፤ እስከ እሁድ ቤቱ የእኔ ነው፣ የምጋብዘውን የማውቀው እኔ ነኝ። እንግዳዬ ነዎት።»

እትዬ የስንቱን እንግዳ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረዋል፤ እሳቸውን ግን እንግዳዬ ያላቸው ሰው አልነበረም። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ሽርጣቸውን አውልቀው የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ጫማ አደረጉ። በጓሮ በኩል ሳይሆን ዞረው በፊት ለፊቱ በር መጡ። ልማድ ሆኖባቸው ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት።

«ቤት ለእንቦሳ» አሉ፣ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በኖሩበት ቤት ደጃፍ ቆመው።

«እንቦሳ እሰሩ፣ ይግቡ» አለ ሰውዬው፣ ወንበሩን እየሳበላቸው።