ሽማግሌ በመኪና

አበባው የሺዋስን ፈሪ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። ጅብ አባሮ ጥጃውን ያስጣለ ሰው ነው፤ ሰርግ ላይ እስክስታ ከጀመረ ደግሞ ቦታ ልቀቁ ነው። ግን መኪና ወደ ቤቱ ሲመጣ ከሰማ የምታገኙት ከጎተራው ጀርባ ነው። ራሱ ሲሳፈር ምንም አይሆንም፤ ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ እያንቀላፋ ይሄዳል። ችግሩ መኪናው ወደ እሱ ሲመጣ ነው።

አብረን ነው የተማርነው። አንድ ቀን የወረዳ ሰዎች በመኪና ትምህርት ቤታችን መጡ፤ አበባው በመስኮት ዘሎ ጠፋ። በማግስቱ መምህሩ ሲጠይቁት "እማዬ ናት እንዲህ አድርግ ያለችኝ" አለ። ሳምንት ሙሉ ሳቅንበት።

እኔ ምክንያቱን ከአባቴ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የአበባው አባት የሺዋስ በደርግ ጊዜ በግ ሊሸጥ ደምበጫ ገበያ እንደወጣ ለውትድርና ታፈሰ፤ በመኪና ተጭኖ በዚያው ቀረ። አበባው ያኔ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር። አባቱን አያውቀውም፤ ፍርሃቱን ግን ወረሰ። እናቱ እማማ ወለተ ሚካኤል የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር "መኪና!" ብለው ይጮሃሉ፤ እሱ ይደበቃል። ደርግ ወደቀ፤ ጩኸቱ ግን አልቆመም። የአበባው ሚስት ስታገባ ከቤቱ ሥራ ጋር ጩኸቱንም ተቀበለች፤ ልጃቸው ዘመናይም ከእናቷ ለመደችው። ለምን እንደሚጮህ ግን ማንም አልነገራት። በዚያ ቤት የየሺዋስ ስም አይነሳም።

ባለፈው ኅዳር ዘመናይን ለአብይ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። አብይ ሉማሜ የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው፤ እሷም ትወደዋለች። እኔ "በእግራችን እንሂድ፣ የሰውየውን ጠባይ አውቃለሁ" ብዬ ነበር። ማን ይሰማኛል! የልጁ አጎት ጌቱ "አቧራ ለብሰን ልጅ ልንጠይቅ ነው?" ብሎ ላንድክሩዘር ተከራየ። ምን ላድርግ፣ ገባሁ።

ዘመናይ ቀኑን ታውቃለች። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ደጅ ላይ ስትጠብቅ የሞተሩን ድምፅ ሰማች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው?

"አባ! መኪና!"

የገዛ ሽማግሌዎቿን! አበባውም ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ እብስ አለ።

ወጉ ነውና የቤቱ ጌታ ወጥቶ "ግቡ" እስኪለን በር ላይ ቆምን። ማን ይበለን? ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ደረሰ። ጌቱ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አባት ከቤቱ ከጠፋ እምቢ ማለቱ ነው። እንሂድ!"

ከሄድን ደግሞ ጌቱ ተመልሶ እንደማይመጣ፣ ሌላም ሰው እንደማይልክ አውቃለሁ፤ ኩራቱ አያድርስ ነው። ዘመናይ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው።

"ቁም፣ ጌቱ!" አልኩና በዚያ ደጅ የማይነሳውን ስም አነሳሁ። ገበያውን፣ አፈሳውን፣ መኪናውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ዘመናይ ማልቀሷን ትታ አፍጥጣ ሰማችኝ። ጌቱም አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ እማማ ወለተ ሚካኤል ከቤት ወጡ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። መኪናውን አዩት፤ እኛንም አዩን። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ጎተራው ሄዱ። ጎተራው ቅርብ ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

"ልጄ፣ ውጣ።"

"ሄዱ?"

"አልሄዱም። ሰው ሊወስዱ ነው የመጡ።"

ከጎተራው ጀርባ ጭድ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

"ውጣ፣ ልጄ። እነዚህስ ጠይቀው ነው የሚወስዱ።"

ትንሽ ቆይቶ አበባው የእናቱን እጅ ይዞ መጣ። ጋቢው ጭድ በጭድ ሆኗል። መኪናው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፣ ከዚያ አልፎት መጣና በሩን ከፈተልን።

"ግቡ" አለን።